ነፋሱ ምን አለ?

ትሪየስቴ ከተማ፣ የኢንሹራንስ ቢሮ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በሳንቃ ታጥሮ፣
አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል፣
ያንዱን አፍ ላንዱ ጆሮ መዝኜ የማካፍል።
በግራዬ ዘነበች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ የሱቋን መስታወት ያረገፈባት።
ከፊቴ ሲኞራ ፉርላን፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣
ከቅጹ መስመር ላይ አንዲት ቃል ፍለጋ።

«የስሟ ትርጉም ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ለጨዋታ።
«ዘነበች፤ እንደ ዝናብ» አልኳት በእርጋታ።
«ወይ ጣጣ!» አለች ፉርላን፣ ፈገግታ ሰርቃ፣
«ውሉ ለዝናብ አይከፍልም፤ ለነፋስ ነው በቃ።»

ነፋስም ደግሞ ነገድ አለው።
ሰማይ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያየችው የሚማታው ብሩህ ቦራ፣
ደመና አዝሎ በረዶ እየተፋ የሚመጣው ጨለማው ነው።
አንዷ ጥፊው ብቻዋን ሬፎሎ ትባላለች፤
ባርኔጣ ነጥቃ ከማዕዘኑ ትጠፋለች።
በሐምሌ፣ ጀልባ ሁሉ ሸራውን እንደዘረጋ፣
ከየት መጣ ሳይባል ሰማዩ የተናደ እንደሆነ፣
እሱ ኔቬሪን ነው፤ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ዋጋ።
«የእሷ የትኛው ነበር? ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኳት። ዘነበች መርፌ የጠቀጠቀው ጣቷን አነሳች።
«መጀመሪያ ሽው አለ።
ቆየት ብሎ ጓ አለ።
መስታወቱ እንክትክት አለ፣ መብራቱ ድርግም አለ፣
ጣቃው ከመደርደሪያው ዱብ ዱብ አለ፣
ከዚያ ሁሉም ጭጭ አለ።
ያኔ እኔ ቱግ አልኩ።»

የፉርላን ብዕር ቆመ። «ምን አለች?»
አፌን ከፍቼ ቀረሁ።
በእኛ ቋንቋ ነፋስ መንፈስ ብቻ አይበቃውም፣ ይላል፤
መስታወት ይላል፤ ጨለማ ይላል፤
ዝምታ እንኳ አፍ አውጥቶ «ጭጭ» ይላል።
እንዴት ብዬ ላስረዳት፣
አደጋው ሁሉ ተናጋሪ፣ እኛ ሰሚ እንደሆንን?

ቃል ፈለግኩ፣ ከኪስ ሳንቲም እንደሚፈለግ።
ውሽንፍር ብል፣ ዝናብ በነፋስ ትከሻ ተደግፎ ቤት ሲገባ ነው፤
ዝናብ ካለበት አይከፈልም።
ወጀብ ብል ባሕር ባሕር ይሸታል፣ ሱቋ ደግሞ ዳገት ላይ ነው።
ደራሽስ?
ደራሽ ጎርፍ አለ፣ ላይ አገር ዘንቦ ታች አገር ድልድይ የሚበላ፤
ደራሽ ወገንም አለ፣ ሲጠሩት ከች የሚል ከነዱላ።
ዘነበች ያን ሌሊት «የደራሽ ያለህ!» ብላ ጮኻለች፤
የመጣላት የትኛው እንደሆነ ቃሉ አይለይም።

«እዚህ ‹ድንገተኛ› ይላል» አለች ፉርላን፣ «ድንገተኛ ነበር?»

«ምን ድንገት አለ?» አለች ዘነበች።
«መስታወቱ ሦስት ክረምት ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር።
አከራዬን ለመንኩት፤ ‹ነገ› አለኝ፤ የሱ ነገ ግን አልነጋም።
ድንገት የሚለው ያልሰማ ሰው ነው።»

እውነቷን ነው።
እውነቷን ብተረጉም ደግሞ ዶሴው ይዘጋል።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
ይህን ጊዜ ሳንቃው ጓ!
ወረቀቱ ብን ብሎ ጣራ ነካ፣
«ኦስትሬጋ!» አለች ሲኞራዋ፣ በእናቷ አፍ፣
ብርጭቆዋን በእጇ፣ መነጽሯን በክንዷ ልትደግፍ።
ለካ በእሷም አገር ነፋስ ሰው ያናግራል።
ያኔ አንድ ነገር ነገርኳት፤ አጭር ነበር። ጻፈችው።

ውጭ፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው ቁልቁለት፣
የብረቱን መደገፊያ ጨብጠን ወረድን።
«ምን ብለህ ነገርካት?» አለችኝ፣ ካፖርቷን እንደ ሕፃን አቅፋ።
«ነፋሱ ራሱ ‹ድንገት ነኝ› ብሏል አልኳት።»
ከት አለች።
ሬፎሎ መጣችና የሳቋን ግማሽ ይዛው ሄደች።